ድንኳኑን ማን ይትከል?

የወጣቶች ኅብረታችሁ ካምፕ ሊወጣ ነው። ኮሚቴው ተሰብስቧል። የሚነሡትን ጥያቄዎች ሳልነግራችሁ ታውቋቸዋላችሁ። የት እንሄዳለን? ተናጋሪው ማን ነው? እነማን ዘማሪዎች ይመጣሉ? በነፍስ ወከፍ ስንት ብር ይሁን? የቲሸርቱስ ቀለም? በዚህ ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ተነሥቶ «ድንኳኑን ማን ይተክላል? ማገዶውንስ ማን ያመጣል?» ቢል ይሳቅበታል። ድንኳን የለማ! አዳራሽ አለ፤ ፍራሽ አለ፤ ጄኔሬተር አለ፤ ከከተማ ተጭኖ የመጣ የድምፅ መሣሪያ አለ፤ በገንዘብ የተቀጠሩ ወጥ ሠሪዎች አሉ።

እንግዲህ በግልጽ ልናገር። ይህ ካምፕ አይደለም። የእሑዱን ጉባኤ በአውቶቡስ ጭኖ ሐይቅ ዳር ማውረድ ነው። ወጣቱ ከተማ ሳለ ተቀምጦ ይሰማል፤ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞም ተቀምጦ ይሰማል። የተለወጠው የወንበሩ ቀለም ብቻ ነው። ስብከትን እየተቃወምሁ እንዳይመስላችሁ፤ የሚሰበከውን እኔም እጠማለሁ። የምቃወመው አንድ ነገር ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅን ለአምስት ቀን ከቤቱ አውጥቶ፣ አንድም ሥራ አንድም ኃላፊነት ሳይሰጡ፣ አጥግቦና አስጨብጭቦ መመለስን እቃወማለሁ።

ካምፕ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። ፊሊፒንስ ከሰባት ሺህ የሚበልጡ ደሴቶች ያሏት ሞቃትና ዝናባማ አገር ናት። ትልቋ ደሴት ሉዞን ትባላለች፤ ዋና ከተማዋ ማኒላም የምትገኘው በዚህች ደሴት ላይ ነው። ከማኒላ ወደ ደቡብ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሎስ ባኞስ የሚባል ከተማ አለ። ስሙ በስፓኒሽ «መታጠቢያዎቹ» ማለት ነው፤ እንደ ሶደሬያችን ፍል ውሃ ስላለው የወጣለት ነው። ከከተማው በላይ እሳተ ገሞራ የፈጠረው፣ ደን የለበሰው የማኪሊንግ ተራራ ቆሟል፤ ከፍታው ከአንድ ሺህ ሜትር ጥቂት ያልፋል።

በዚህ ተራራ ሥር በሐምሌ ወር 1951 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ከጁላይ 17 እስከ 26 ቀን 1959፣ አሥረኛው የዓለም ስካውቶች ጃምቦሪ ተደረገ። ጃምቦሪ የሚባለው ስካውቶች ከየአገሩ መጥተው፣ ድንኳን ተክለው፣ አብረው የሚሰነብቱበት ታላቅ ካምፕ ነው። ከዚያ በፊት ከተደረጉት ዘጠኝ ጃምቦሪዎች ስምንቱ በአውሮፓ፣ አንዱ በካናዳ ነበሩ። በእስያ ምድር ሲደረግ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከአርባ በላይ ከሆኑ አገሮች ከ12,000 የሚበልጡ ልጆችና መሪዎች መጡ። መሪ ቃላቸው ነገን ዛሬ መገንባት የሚል ነበር።

አዘጋጇን አገር ተመልከቱ። ፊሊፒንስ ነፃነቷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው፤ ጃምቦሪው ሲመጣ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ማኒላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ከፈራረሱት ከተሞች አንዷ ናት። «እኛ ድሃ ነን፤ ጦርነት አሳልፈናል፤ ሐምሌ ደግሞ ክረምታችን ነው፤ ለአውሮፓ ልጆች የሚሆን ነገር የለንም» ብትል ማን ይፈርድባት ነበር? ነገር ግን በእጇ ያለውን አየች። በእጇ ያለው ቀርከሃ ነበር። ብዙው የካምፑ ሥራ በቀርከሃ ስለተሠራ ያ ጃምቦሪ እስከ ዛሬ የሚታወቀው «የቀርከሃ ጃምቦሪ» በሚል ስም ነው።

ስለ ቀርከሃ ትንሽ ላውራ፤ ነገሬ ያለው እዚያ ላይ ነውና። የስካውት ልማድ እንዲህ ነው፤ ልጆቹ የሚያድሩበትን ቦታ ራሳቸው ያደራጃሉ። ምሰሶ በገመድ ያስራሉ፤ ምስማር አይመቱም። የመመገቢያ ጠረጴዛውን፣ የዕቃ መደርደሪያውን፣ የሰፈራቸውን በር በእንጨትና በገመድ ይሠራሉ። ቋጠሮው ከላላ እራት ሊቀርብ ሲል ጠረጴዛው ከነወጡ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ «ማን ነው ያሰረው?» የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቀው መሪው አይደለም፤ የራባቸው ጓደኞች ናቸው። ቀርከሃ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ውስጡ ባዶ ነው፤ በየአንጓው የተዘጋ ነው። ሳይሰነጥቁ እሳት ውስጥ ከከተቱት የታፈነው አየር ግሎ እንደ ጥይት ይፈነዳል። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ይረሳዋል፤ ምድጃ አጠገብ ቁጭ ብሎ አንዴ የደነገጠ ግን ከዚያ በኋላ ሳይሰነጥቅ አይማግድም። በሚዘንብበት ደን ውስጥ ደረቅ እንጨት የት እንደሚገኝ፣ ድንኳን ለምን ጎርፍ መውረጃ ላይ እንደማይተከል፣ ሽንት ቤት ለምን ከምንጩ በታችና ርቆ እንደሚቆፈር፣ ይህ ሁሉ በማይክሮፎን አይሰጥም። ዝናቡ ራሱ ነው የሚያስተምረው፤ ተማሪው ደግሞ ማታ የሚተኛበትን የተከለው ልጅ ነው።

እኛ ቀርከሃ የለንም እንዳትሉኝ። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ሰፊ የቀርከሃ ሀብት ካላቸው አገሮች አንዷ ናት። ሲዳማ ቤቱን የሚሠራበት፣ አዊ ወንበሩን የሚያበጅበት፣ አሶሳ ዙሪያ ጫካ ሆኖ የበቀለ ነገር ነው። ካምፕ ስንወጣ በአውቶቡስ መስኮት እያየነው እናልፋለን፤ ከኋላችን ባለው መኪና ላይ ግን የፕላስቲክ ወንበር ተጭኗል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። የስካውት ካምፕ የሚቆመው በመሪዎቹ ብዛት አይደለም፤ ፓትሮል በሚባለው አሠራር ነው። ፓትሮል ከስድስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ልጆች ያሉበት ቡድን ነው፤ መሪው ራሱ ልጅ ነው፤ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ያ ልጅ ሰባቱን ያበላል፤ ሰባቱን ያስተኛል፤ የታመመውን ያያል፤ የተጣሉትን ያስታርቃል። የፓትሮል መሪዎቹ ተሰብስበው ስለ ካምፑ ይመክራሉ። ትልልቆቹ ከጀርባ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ያስተምራሉ፤ አደጋ ሲመጣ ይገባሉ። የልጁን ሥራ ግን ከእጁ ነጥቀው አይሠሩለትም።

ይህ አሳብ ባዕድ ሆኖባችኋል? የሙሴ አማት ዮቶር ወደ ምድረ በዳው ሰፈር በመጣ ጊዜ ምን እንዳየ ዘጸአት 18ን ገልጣችሁ አንብቡ። ሕዝቡ ከጠዋት እስከ ማታ ተሰልፎ ቆሟል፤ አንድ ሰው ሁሉን ይሠራል። ዮቶር ይህ መልካም እንዳልሆነ ነገረው፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆችን እንዲሾምም መከረው። የአሥር አለቃ! እኛ ከዮቶር ምክር የሺህ አለቃውን ብቻ አስቀርተን የአሥሩን ጥለናል። አንድ ተናጋሪ ለአራት መቶ ወጣት፤ በመካከል ማንም የለም።

«ስካውት የዓለም ነገር ነው፤ የወታደር ጨዋታ ነው» የሚል ወንድም በየኅብረቱ አይጠፋም። አጭር መልስ አለኝ። ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በኦገስት 1907 በእንግሊዝ በብራውንሲ ደሴት የመጀመሪያውን የሙከራ ካምፕ ሲያደርጉ የወሰዷቸው ልጆች ሀያ ያህል ነበሩ። ከፊሎቹ በታላላቅ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የባለጸጋ ልጆች ነበሩ። የቀሩት የሠራተኛ ልጆች ሲሆኑ የመጡት ከቦይስ ብርጌድ ነው፤ ይህም ዊልያም ስሚዝ የተባለ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ እ.ኤ.አ. በ1883 በግላስጎው የጀመረው የክርስቲያን ወጣቶች ማኅበር ነው። ሀብታሙንና ድሃውን ቀላቅለው በአራት ፓትሮል ከፈሏቸው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የተካፈሉበትን ካምፕ «የዓለም ነው» ብለን ከገፋን በኋላ የኮንሰርት መብራትና ጭስ ተከራይተን የምናስገባ ሰዎች ስለ ዓለማዊነት ባንናገር ይሻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ አደጋ ቢደርስስ? የፊሊፒንስ ሰዎች ይህን ጥያቄ በመራራ መንገድ ያውቁታል። ከማኪሊንግ ጃምቦሪ አራት ዓመት በኋላ፣ ጁላይ 28 ቀን 1963፣ በግሪክ አገር በማራቶን ወደሚደረገው አሥራ አንደኛው ጃምቦሪ ስካውቶቻቸውን የያዘ አውሮፕላን ሕንድ አገር ቦምቤይ አጠገብ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ሀያ አራቱ የልዑካን ቡድኑ አባላት ሁሉም ሞቱ፤ ከአውሮፕላኑ የተረፈ ሰው የለም። ዛሬ በኬዞን ከተማ ብትሄዱ በአንድ ሰፈር የመንገዶቹ ስሞች «ስካውት እገሌ» እየተባሉ የሚጠሩ ናቸው፤ የእነዚያ ልጆች ስም ነው። አደባባይ ላይም ሐውልት ቆሞላቸዋል። አገሪቱ አለቀሰች፤ መንገዶቿን በስማቸው ጠራች፤ ካምፕ መውጣቷን ግን አልተወችም።

ነገር ግን ከአውሮፕላን አደጋ የሚከፋ ሌላ አደጋ አለ፤ ስለ እርሱ ዝም ብዬ ብቀጥል ይህ ጽሑፍ ሐሰተኛ ይሆናል። የአሜሪካ ቦይ ስካውቶች ድርጅት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 የኪሳራ ማመልከቻ ለፍርድ ቤት አስገባ። ምክንያቱ በልጅነታቸው በስካውት መሪዎች የፆታ ጥቃት ደረሰብን ያሉ ሰዎች ክስ ነበር፤ አቤቱታ ያቀረቡት ከ82,000 በለጡ። የካሣው ስምምነት 2.46 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ድርጅቱ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የሚጠረጠሩ መሪዎችን ስም በምስጢር መዝገብ ይዞ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከአንድ ሺህ በላይ ፋይሎች ለሕዝብ ሲከፈቱ ስንቱ ነገር ለፖሊስ ሳይነገር እንደቀረ ታየ። የድርጅቱ ስም እንዳይጠፋ ተብሎ የልጆች ሕይወት ጠፋ።

ይህን ስታነቡ «የእነርሱ ነው» ብላችሁ ገጹን አትግለጡ። «የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይነሣ» የሚለውን አነጋገር ከእኛ ሰፈር አልሰማችሁትም? ለልጅ ኃላፊነት መስጠት ማለት ልጅን ከአንድ አዋቂ ጋር ብቻውን መተው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ዛሬ ስካውቶች የሚጠብቁት ሕግ ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ከሰው ዓይን ርቆ ብቻውን እንዳይሆን ያዛል፤ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂዎች መኖር አለባቸው። በአዋቂና በልጅ መካከል የተለየ ድንኳን መኖር አለበት። ልጁ «አይሆንም» የማለትና የመናገር መብቱን ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ ማወቅ አለበት። የፓትሮል አሠራርም እዚህ ላይ ይረዳል፤ ስምንት ሆነው የሚሄዱ፣ የሚቆጣጠራቸውም የሚያዳምጣቸውም የራሳቸው መሪ ያላቸው ልጆች፣ አራት መቶ ሆነው በአዳራሽ ከታጎሩት ይልቅ አንዱ ሲጠፋ ቶሎ ያውቃሉ። ኅብረታችሁ እነዚህን ሕጎች በጽሑፍ ካልያዘ፣ ካምፑን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ይሻላል። ተናጋሪው ቢቀየምም።

እኅቶችን ልጨምር። የማኪሊንጉ ጃምቦሪ የወንዶች ብቻ ነበር፤ ጊዜው እንዲያ ነበርና። ነገር ግን በዚያችው አገር ጆሴፋ ያኔስ ኤስኮዳ የተባሉ ሴት እ.ኤ.አ. በ1940 የፊሊፒንስ ሴት ስካውቶችን ማኅበር አቋቁመው ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ለእስረኞች ምግብና መድኃኒት በድብቅ ያደርሱ ነበርና ጃፓኖች ያዟቸው፤ ከእስር ቤት አልተመለሱም። ምስላቸው ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የ1,000 ፔሶ ኖት ላይ ታትሟል። እኛ ካምፕ ስንወጣ ሴቶችን የት እናደርጋለን? ሽንኩርት ልጣ ላይ። ወንዱስ? የድምፅ መሣሪያው ዙሪያ ገመድ እያንከባለለ «ቼክ፣ ቼክ» ይላል። ፓትሮል ውስጥ ሁሉም ሽንኩርት ይልጣል፤ ሁሉም ገመድ ያስራል።

አሁን ደግሞ ካምፕ ከልጆቹ እጅ ወጥቶ የአዋቂዎች ዝግጅት ሲሆን ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። ከማኪሊንግ 64 ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 2023፣ ሀያ አምስተኛው የዓለም ጃምቦሪ በደቡብ ኮሪያ ሴማንግም በተባለ ቦታ ተጠራ። 43,000 ያህል ሰዎች መጡ። ኮሪያ ፊሊፒንስ በ1959 ያልነበራት ገንዘብ ሁሉ አላት። ቦታው ግን ባሕር ተገድቦ የተገኘ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ጥላ የሚሆን ዛፍ አልነበረውም። ቀድሞ የጣለው ዝናብ ውሃ አቁሮበት ነበር። ፀሐይዋ ስትበረታ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች በሙቀት ታመሙ። የሽንት ቤቱና የመታጠቢያው ንጽሕና አቤቱታ አስነሣ። እንግሊዞችና አሜሪካኖች ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ፤ ሲንጋፖሮችም ተከተሉ። ከዚያ ዐውሎ ነፋስ እየመጣ ነው ተባለና የቀሩት ሁሉ ከአንድ ሺህ በሚበልጡ አውቶቡሶች ተጭነው ሄዱ። ምርመራው ሲጀመር የክልሉ ሹማምንት ጃምቦሪውን የልማት ፕሮጀክት ማስፈጸሚያ አድርገውታል፣ «ለጥናት» እያሉም ውጭ አገር ተመላልሰዋል የሚል ብርቱ ትችት ተነሣ። ሥፍራውን የመረጠው «እኔ እዚህ ድንኳን ብተክል የት እጠለላለሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

መጨረሻው ምን ሆነ መሰላችሁ? ልጆቹን ሴኡል ስታዲየም ውስጥ ሰብስበው የታወቁ ዘፋኞች ኮንሰርት አቀረቡላቸው። ካምፑ ፈርሶ የቀረው መድረክ ነበር። የእኛ ሳይፈርስም መድረክ ነው።

«ወላጆች ገንዘብ የሚከፍሉት ልጃቸው በመንፈስ እንዲታነጽ ነው፤ ቀርከሃ እንዲቆርጥ አይደለም» የምትሉ መሪዎች ደብዳቤ እንደምትጽፉልኝ አውቃለሁ። ጻፉ። ግን መጀመሪያ ይህን መልሱልኝ። ባለፉት አምስት ካምፖች «በእሳት ተነሥተው» ከተመለሱት ልጆች መካከል፣ ወር ሳይሞላ የታመመ ጓደኛ ሳይላኩ ሄደው የጠየቁ ስንት ናቸው? አዳራሹን ማንም ሳያዛቸው የጠረጉስ? ልጁ ማታ በእንባ ወደ መድረክ ወጣ፤ ጠዋት ሰሃኑን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሄደ። ሰሃኑን ያነሣችው የተቀጠረች ሴት ናት፤ ስሟን የሚያውቅ ልጅ በካምፑ ውስጥ አልነበረም። ለእኔ ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ አይደሉም። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ማበሻ ጨርቁን የታጠቀው ራሱ ነው፤ የቀጠረው ሰው የለም።

ወጣቶች፣ ይህን ለመሪዎቻችሁ ብቻ አልተውኩትም። ኃላፊነት ያልተሰጣችሁ ስላልጠየቃችሁም ነው። መቀመጥ ይመቻል። የተዘጋጀ ምግብ ይጣፍጣል። ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ሶኬት ከሌለ «ካምፑ አልተመቸንም» የምትሉት እናንተው ናችሁ። እንግዲህ በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ ላይ እጅ አውጡ። ለአንድ ካምፕ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ የድምፅ መሣሪያው ይቅር በሉ። የእርሱ ኪራይ ብዙ ገመድ፣ ብዙ ሸራ፣ ጥቂት መጥረቢያና ጥቂት ድስት ይገዛል። በስምንት በስምንት ተከፈሉ፤ ሀብታሙንና ድሃውን፣ የከተማውንና ከገጠር የመጣውን ቀላቅሉ። ከገጠር የመጣው ልጅ እሳት ሲያያይዝና እንጨት ሲጠርብ በዚያ ሳምንት ማን አስተማሪ፣ ማን ተማሪ እንደሚሆን ታያላችሁ። ጠዋት ቃሉን ከፓትሮላችሁ ጋር አንብቡ፤ በየተራ እናንተው ምሩ። ተናጋሪው ይምጣ፤ ግን እርሱም ከአንዱ ፓትሮል ጋር ይመደብና ማገዶ ይልቀም።

ዝናብ ቢመጣስ? ይመጣል። ቀን ላይ ቦይ የቆፈሩት በደረቅ ያድራሉ። ያልቆፈሩት ደግሞ ሌሊት ተነሥተው ፍራሻቸውን ተሸክመው ወደ ጎረቤት ድንኳን ይገባሉ፤ ባለ ድንኳኖቹም ተጠጋግተው ቦታ ይለቁላቸዋል።